ፖዲያትሪስት ነኝ፤ ማስተማር ልግባ ወይስ የኮምፒውተር ምርምር?

እግረኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ ነው። የፖዲያትሪ (የእግር ሕክምና) ዲግሪዬን ጨርሼ፣ የጤና ባለሙያዎችን በሚመዘግበው ኤችሲፒሲ ተመዝግቤ፣ አሁን በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) የስኳር ሕሙማን እግር ክሊኒክ ባንድ 6 በሚባለው የደመወዝ እርከን እሠራለሁ። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ "የእግር ሐኪም" ብዬ አልፋለሁ። እናቴ ግን ለጎረቤት "ጥፍር ትቆርጣለች" እያለች ነው የምታስተዋውቀኝ።

ጭንቀቴ ምን መሰላችሁ? የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የግማሽ ጊዜ የሌክቸረር ቦታ አውጥቷል። የድሮ አስተማሪዎቼ "አመልክቺ" ብለውኛል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እየተማርኩ ነው፤ የእግር ቁስልን ከፎቶ በሚለይ ሶፍትዌር ላይ ፒኤችዲ መሥራት በጣም ያምረኛል። ባለቤቴ "ከሁለት ያጣ እንዳትሆኚ" ይለኛል።

የቱ ይቅደም? ክሊኒኩንስ ጨርሼ ልተው? በዚህ መንገድ ያለፈ ካለ ይንገረኝ።

ኮደሩ

ፒኤችዲውን ያዢ። ማስተማር የትም አይሄድም፤ ኤአይ ግን ጊዜው አሁን ነው። እኔ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እሠራለሁ። የቁስል ፎቶ መለየት ዳታ ካለ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። የሠለጠነ ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ፎቶ መለየት የተማረ ፕሮግራም፣ በነፃ ይገኛል፤ አውርዶ ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው።

ነጭ ጋውን

ኮደሩ፣ ጉዱ ያለው "ዳታ ካለ" ያልከው ላይ ነው።

እኔ እዚሁ ብሪታንያ ፖዲያትሪ አስተምራለሁ። ምርምሬ የጤና መረጃና ኮምፒውተር ላይ ነው። እህቴ፣ አጭሩ መልሴ ይኸው፦ ማስተማሩን ግቢ፤ በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ክሊኒኩን አትልቀቂ፤ ፒኤችዲሽ ከዚያ ውስጥ ይወጣል።

ለምን አልሽ? ፒኤችዲዬ "የማን እግር ቁስል ሊያወጣ ይችላል" የሚለውን ከሕክምና መዝገብ መተንበይ ነበር። ምርመራውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለማያውቁት ግን ልንገራቸው። ሞኖፊላመንት የምንላት ስስ የናይለን ክር አለች። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ክሯን እግሩ ላይ ቀጥ አድርገሽ ትጫኛለሽ። ጎበጥ ስትል የ10 ግራም ግፊት ደረሰ ማለት ነው። ወይ "ተሰማኝ" ይላል፣ ወይ ዝም ይላል። ዝም ካለ ነርቩ ተጎድቷል፤ ጫማው ውስጥ ጠጠር ቢገባ ቀኑን ሙሉ ይሄድበታል። ከዚያ የደም ሥር ትርታውን ከእግሩ ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ትፈልጊያለሽ።

መዝገቡን ስከፍተው ግን ብዙው ላይ የተጻፈው "እግር ደህና" ብቻ ነው። በክሯ ተፈትኖ ነው ደህና የተባለው? ወይስ ካልሲውም አልወለቀም? ማን ያውቃል! ኮምፒውተሩማ ከየት አምጥቶ! አብሮኝ የሚሠራ ጎበዝ የኮምፒውተር ልጅ መዝገቡ ላይ ሳይጻፍ የቀረውን ባዶ ቦታ ሁሉ "ችግር የለም" ብሎ ሞላውና አሪፍ ውጤት አመጣ። ቆየት ብለን ስናየው ሞዴሉ የተማረው ስለ እግር አልነበረም። ባለሙያ የጠረጠረው ታካሚ መዝገብ ይረዝማል፣ ያልጠረጠረው ባዶ ይቀራል። ሞዴሉ የሐኪሙን ጥርጣሬ ነበር የሚያነበው። ይህን ደግሞ ስክሪን ላይ ፈጥጠሽ አታገኚውም፤ ሰባተኛውን ታካሚ በጥድፊያ ያየ ሰው ነው ወዲያው የሚገባው።

ፎቶውም ያው ነው። ማንቸስተር ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከላንካሻየር ሐኪሞች ጋር ሆነው በ2020 ዓለም አቀፍ የቁስል መለየት ውድድር አዘጋጅተው ነበር። 4,000 ፎቶ ነው፤ ግማሹ ለማሠልጠኛ፣ ግማሹ ለመፈተኛ። ቁስሉ የት እንዳለ ሳጥን እየሳሉ ያመለከቱት በስኳር ቁስል ላይ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ያለ እነሱ ውድድር የሚባል ነገር የለም።

የቆዳ ቀለምንም አትርሺ። መማሪያ መጽሐፉ "መቅላት" ይላል። እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም። እኔ ተማሪዎቼን በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን አወዳድሩ እላቸዋለሁ። በሁለቱ እግሮች ተመሳሳይ ቦታ ላይ የ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ካለ እንደ ማስጠንቀቂያ ይወሰዳል። ነጭ እግር ብቻ ያየ ሞዴል አክስትሽን ደህና ነሽ ብሎ ቢሸኛት አይግረምሽ።

ማስተማሩ ደግሞ አንቺ እንደምታስቢው ምርምሩን የሚሻማ ብቻ አይደለም። (ይሻማል። ግንቦት ላይ የፈተና እርማት ሲቆለል ምርምር ብሎ ነገር የለም።) ተማሪ የደደረ ቆዳ በምላጭ ሲያነሳ ቆሜ አያለሁ። እጁ ይንቀጠቀጣል። "እዚህ ጋ ለምን አቆምክ?" ስለው "እንዲሁ መሰለኝ" ይለኛል። ያንን "መሰለኝ" ቀለሙ እንዲህ ሲሆን፣ ቆዳው እንዲህ ሲለሰልስ እያልኩ አንድ በአንድ መዘርዘር አለብኝ። ለኮምፒውተር የሚሆን መለያ መስፈርት ማለት እኮ ይኸው ነው። የእኔ መስፈርቶች የወጡት ከክፍል ነው።

ስለ ገንዘብ፦ በራስሽ ኪስ ፒኤችዲ አትጀምሪ። ኤንአይኤችአር የሚባለው የእንግሊዝ የጤና ምርምር ገንዘብ ሰጪ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎችም ደመወዝ የሚከፍል የዶክትሬት ፌሎሺፕ አለው፤ ፖዲያትሪስትም ይወዳደራል። ፉክክሩ ከባድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሆንሽ ማመልከቻውን አብሮሽ የሚጽፍ ሰው ያስገኝልሻል።

የስኳር ክሊኒክ ነርስ

ከሀዋሳ ነው። እኛ ጋ ፖዲያትሪስት የለም። ቁስሉን የምናጥበው እኛ ነርሶች ነን፤ ሲብስ ወደ ቀዶ ሕክምና ነው። ታካሚው ፀበሉንም ቅጠሉንም ሞክሮ፣ ጣቱ ከጠቆረ በኋላ ይመጣል።

የኛ እግር ችግር ስኳር ብቻም አይደለም። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ወላይታ ብትሄዱ ገበያ ላይ ታዩታላችሁ። ብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ሲያጠናው ቆይቷል፤ እግረኛዋ፣ እዚያው ሀገር ስላለሽ ብታዪው ጥሩ ነው።

ለኮደሩ ደግሞ፦ ዲኤችአይኤስ 2 ወደሚባለው የጤና ሪፖርት ሥርዓት የምንልከው ድምር ቁጥር ነው። የማን እግር፣ የትኛው ጣት የሚለው ካርዱ ላይ በእጅ ጽሑፍ ይቀራል። ፎርም የምትሠሩልን ከሆነ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ሁለተኛ ገጽ የሚገልጥ የለም።

ኮደሩ

ነጭ ጋውን፣ ታዲያ ባዶውን በምን ልሙላው?

ነጭ ጋውን

አትሙላው። "አልተመረመረም" የሚል የራሱ ምልክት ስጠው፤ ከዚያ ማን፣ ለምን ሳይመረመር እንደቀረ ነርሷን ጠይቃት። ነርሷ ደግሞ እዚሁ አለችልህ።

እግረኛዋ

እግዜር ይስጥልኝ ታላቅ እህቴ። ዛሬ ማታ አመለክታለሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ክሊኒኩ ቀን ማንሳት ነውር ይሆን?

ነጭ ጋውን

ምን ነውር አለው! በደንብ አንሺው። ከመፈረምሽ በፊትም የክሊኒክ ቀንሽ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። "ችግር የለም" ያሉሽ ኃላፊ ትምህርት ሲከፈት ተቀይረው ልታገኚያቸው ትችያለሽ።