ከመጥበሻ የተረፈ ስብ እውነት ፈንጂ ሆኗል?

ፖስተር ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ የተረፈ ስብ ለፈንጂ አጠራቅሙ የሚል የሠዓሊው ሄንሪ ኮርነር ፖስተር አለ፤ አንድ እጅ መጥበሻ ዘንበል ሲያደርግ የሚንጠባጠበው ስብ ወደ ፍንዳታ ይለወጣል። እውነተኛ ኬሚስትሪ ነው ወይስ የቤት እመቤቶችን ማነሳሻ ብቻ? ወጪውንስ ማን ቻለው?

ኬሚስቱ፦
እውነት ነው፣ ፖስተሩ ግን ሳሙናውን ዘሎታል። ስብ በአልካሊ (እንደ ኮስቲክ ሶዳ ባለ ነገር) ሲፈላ ሳሙና ይሆንና ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ ግሊሰሪን ይወጣዋል። ናይትሮግሊሰሪን የሚባለው ፈንጂ የሚሠራው ከዚህችው ነው፣ ናይትሪክና ሰልፈሪክ አሲድ ተጨምሮበት። ከ1 ፓውንድ (450 ግራም) ስብ 45 ግራም ያህል ግሊሰሪን ማለት ነው። ጃፓን ፊሊፒንስን ስትይዝ የኮኮናት ዘይት ስለተቋረጠ ሳሙና ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ስብ ቸግሯቸው ነበር።

ሉካንዳ፦
በወጥ ቤት በኩል ልጨምር። ስቡ በብረት ወንፊት ተጠልሎ አፈ ሰፊ ጣሳ ውስጥ ይገባ ነበር። ጠርሙስ አይሆንም፤ ትኩስ ስብ ሲፈስበት ይሰነጠቃል። ማረሩና መጥቆሩ ግድ የለም፣ ፍርፋሪና ውሃ ግን ያበላሹታል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ነበር። 1 ፓውንድ ሲሞላ ለሉካንዳው ይሰጥ ነበር፣ እሱ 4 ሳንቲም ከፍሎ ለስብ አቅላጮች ያስረክብ ነበር።

ችግሩ፣ ለ4 ሳንቲም ብሎ ጣሳ የሚሸከም ብዙ አልነበረም። በመጋቢት 1943 ሥጋና ቅቤ በራሽን ኩፖን ሲሆኑ ደግሞ ስቡ እዚያው ለማብሰያ ተፈለገ። በዓመቱ መጨረሻ ለአንድ ፓውንድ ስብ ሁለት ቀይ ነጥብ (የራሽን ነጥብ) ተጨመረ፤ በቀይ ነጥብ የሚገዛው ደግሞ ያው ሥጋና ቅቤ ነበር። ከፖስተሩ ይልቅ ሰው ያንቀሳቀሰው ይሄ ይመስለኛል።

የድሮ ጋዜጣ፦
ወጪውን በተመለከተ፦ ፖስተሩን ያወጣው በሰኔ 1942 የተቋቋመውና ኤልመር ዴቪስ የመሩት የመንግሥት የጦርነት መረጃ ቢሮ ነው። ስብ አጠራቅሙ የሚለውን የጋዜጣ ማስታወቂያ ግን የግሊሰሪንና ተዛማጅ ኢንዱስትሪዎች ከፈሉ። ቸርነት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በጦርነቱ ትርፍ ላይ የተጣለው ግብር 90 በመቶ ደርሶ ነበር፣ ማስታወቂያ ደግሞ እንደ ሥራ ወጪ ከሚታክሰው ገቢ ይቀነሳል። ስለዚህ አብዛኛውን ሂሳብ በተዘዋዋሪ የሸፈነው ግምጃ ቤቱ ነው።

ለሰብሳቢው፦ ግርጌውን እይ። የቢሮው ፖስተር ቁጥርና የመንግሥት ማተሚያ ቤት መስመር አለው። ክንዷን ያጠፈችው ሠራተኛ የምትታይበትን ታዋቂ ፖስተር ብዙ ሰው የመንግሥት ይለዋል፤ የዌስቲንግሃውስ ነው፣ በ1943 በራሱ ፋብሪካዎች ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ተለጥፎ ወረደ።