የኮምፒውተር ላብ ተቃጠለብኝ፤ ነገ ባይነሪ በምን ላስተምር?

ቲቸር አይሲቲ፦ ጓዶች ድረሱልኝ! የኮምፒውተር ላባችን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ዛሬ ተቃጠለ። አንድም ኮምፒውተር አይነሳም። ነገ 3 ሰዓት ላይ ባይነሪ (ቁጥርን በ0 እና በ1 ብቻ መጻፍ) አለብኝ፤ 64 ተማሪ ነው። ባዶ እጄን ምን ይዤ ልግባ?

የኋላ ወንበር፦ ስንተኛ ክፍል?

ቲቸር አይሲቲ፦ ይቅርታ፣ 7ኛ።

ጋሽ ጠመኔ፦ ልጄ፣ እኛ ኮምፒውተርን በሥዕል አይተን ነው የተማርነው። የዛሬ መምህር ማውዝ ካልያዘ ማስተማር የሚችል አይመስለውም። መጀመሪያ ፅንሰ ሐሳቡ...

ካርቶን፦ ጋሽ፣ ልጁ ቸኩሏል። ስማኝ፣ አምስት ካርቶን ቁረጥ። በየካርቶኑ አንድ ፊት ላይ በተራ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ነጥብ ሣል፤ ጀርባው ባዶ ይሁን። አምስት ልጆች ይዘውት ይቁሙ። ነጥቡ ከታየ 1፣ ከተገለበጠ 0 ነው። «13 አሳዩን» በላቸው፤ 8፣ 4 እና 1 ይገለጣሉ፣ 01101። እስከ 31 ያስቆጥርሃል። ስድስተኛው ካርቶን ስንት ነጥብ እንደሚኖረው እንዳትነግራቸው፣ ራሳቸው ይደርሱበታል። የኒውዚላንዱ ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ ያስፋፉት ዘዴ ነው፤ ሲኤስ አንፕላግድ (ኮምፒውተር ሳይንስ ያለ ኮምፒውተር) ይባላል።

ሞገደኛው፦ ያለ ኮምፒውተር ኮምፒውተር? ውሃ ሳይነኩ ዋና! ይልቅ ማመልከቻ ጻፍና ላቡን ያስጠግኑ።

ቲቸር አይሲቲ፦ ማመልከቻው ገብቷል። ለነገ 3 ሰዓት ግን አይደርስም ወንድሜ።

ብርቱካን፦ ካርቶን ቆርጠህ ነጥብ ብትሥልበትስ? 1፣ 2፣ 4...

ካርቶን፦ እሱን አይደል እንዴ ያልኩት?

ቀልደኛ፦ የኔ ተማሪዎች 0ን አሳምረው ያውቁታል፤ ፈተና ወረቀታቸው ላይ አለ።

የኋላ ወንበር፦ እኔ የተሸወድኩበትን ልንገርህ። ልጆቹ ወደ ክፍሉ ዞረው ሲቆሙ ግራ ቀኙ ይገለበጣል። 16 የያዘው ለተቀመጡት በግራ እንዲታይ፣ እሱ ራሱ በቀኙ ጫፍ ላይ መቆም አለበት። እኔ ስላላሰብኩበት 13 ያልኩት 22 ሆኖ ተነበበ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደግሞ አምስቱ ሲጫወቱ 59ኙ ያወሩብሃል። ለየዴስኩ ከአሮጌ ደብተር ሽፋን አስቆርጥ።

ቀልደኛ፦ በአምስት ጣትም ይሆናል፤ አውራ ጣት 1፣ ሌባ ጣት 2። 4 ላይ የመሃል ጣት ብቻዋን ስትቆም ግን ርዕሰ መምህሩ እንዳያይህ።

ጋሽ ጠመኔ፦ ሳታስጨርሱኝ! ፈረንጆች «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚሉትን አሳያቸው። 13 በ7። በግራ 13ን እያጋመስክ ውረድ፣ ትራፊውን ተወው፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ እጥፍ አድርግ፦ 7፣ 14፣ 28፣ 56። 6 ለሁለት እኩል ስለሚካፈል ረድፉን ሰርዝ። የቀረው 7፣ 28 እና 56 ሲደመር 91። አሁን ከታች ወደ ላይ ያልተሰረዘውን 1፣ የተሰረዘውን 0 ብለህ አንብብ። 1101። 13 ማለት ነው!

ካርቶን፦ ጋሽ፣ በሉ ይቅርታ።

ቲቸር አይሲቲ፦ ይሄን እኔም አላውቀውም ነበር! የታሸገ ውሃ ካርቶን ከሱቅ ለምኜ አግኝቻለሁ። ማርከሬ ግን ደርቋል።

ብርቱካን፦ ከሰል።

የኋላ ወንበር፦ እሺ፣ እንዴት ሆነልህ?

ሞገደኛው፦ ላቡስ ተጠገነ?