አስቸኳይ፦ ወንድሜ በሐሰተኛ ብር ተፈረደበት፣ ይግባኝ የት ነው የሚባለው?

የአዘዞዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሕግ ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ወንድሜ ቅዳሜ ገበያ በግ ሸጦ በተቀበለው ብር ጤፍ ሊገዛ ሲል ሐሰተኛ ነው ተብሎ ተያዘ። ባለ 200 ናቸው። እያወቀ ነው ብለው ፈረዱበት። ጠበቃው ስልክ አያነሳም። አንዱ አዲስ አበባ ሂጂ ይለኛል፣ ሌላው ሠላሳ ቀን አለሽ አትቸኩይ ይለኛል። ሽያጩን ያስማማውን ደላላ አሁን አግኝተነዋል፣ ለይግባኙ ምስክር እናቆመዋለን።

የፒያሳ ልጅ፦ የትኛው ፍርድ ቤት? መቼ? ይኼን ሳትነግሪን ምን ብለን እንመልስ?

ባለ ሱቁ፦ ሰው ብር ሲቀበል ለምን አያይም? ብሩ በ2013 መስከረም ሲቀየርና ባለ 200 ሲመጣ ስንት ጊዜ ተነገረ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ክሩን ማየት፣ በጣት መዳሰስ ነው። እኔ ሱቅ የሚሠሩትን ልጆች በዚህ ሳልቆጣ የዋልኩበት ቀን የለም። የዛሬ ልጅ ግን ብር ሲቆጥር ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

ጨዋታ አዋቂ፦ ጋሼ፣ ልጁ እኮ ታስሯል። ክሩን በመስኮት ይይ?

የአዘዞዋ፦ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ቅጣቱ የተነበበው ማክሰኞ ነው፣ ያለፈው ሳይሆን የዚያ በፊቱ።

ችሎት፦ እንግዲያው እህቴ ይኼን ነገር ዛሬ ጨርሺው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ማለታችሁን የምታስታውቁት ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነው። ሠላሳው ቀን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የፍርዱ ግልባጭ እጃችሁ ከገባ ጀምሮ የይግባኝ ቅሬታውን ለማስገባት። ወንድምሽም እዚያው ማረሚያ ቤት ሆኖ በኃላፊው በኩል ማመልከት ይችላል፣ ጠበቃውን አትጠብቁ። ቀኑ ካለፈ አንቀጽ 191 አለ፣ ግን የዘገየነው በእኛ ጥፋት አይደለም ብሎ ማሳመን ይጠይቃል።

ማራኪ፦ 15 ቀን ነው እህቴ፣ 15 ቀን። ቶሎ ሂጂ።

ተሟጋች፦ ሐሰተኛ ገንዘብ የፌዴራል ጉዳይ ስለሆነ አዲስ አበባ ነው መሄድ ያለባት።

ችሎት፦ ጉዳዩ የፌዴራል ነው፣ ያ ልክ ነው። ግን የክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ያዩታል። ዞን ከፍተኛው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃን ሥልጣን ይዞ ከፈረደ ይግባኙ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ላይ ተጽፏል። መቀመጫው ባሕር ዳር ነው።

ተሟጋች፦ ይሁን እሺ። ግን ንጹሕ ነው ብላችሁ ያዘናችሁ ሁሉ፣ ስንት ብር ነው የተያዘበት? አንድ ቢሆን ማንም ይሳሳታል።

የአዘዞዋ፦ አምስት ናቸው። ዳኛው ሲያነብ የሰማሁት፣ ሐሰተኞቹን በውስጥ ኪሱ፣ ሌላውን ብር በሱሪ ኪሱ ለይቶ መያዙ ማወቁን ያሳያል ነው ያለው። ወንድሜ የበጉን ብር ሁሉ ነው በውስጥ ኪሱ ያደረገው፣ የሱሪው ከቤት ይዞት የወጣው ነው።

ችሎት፦ ይኸው፣ የይግባኝሽ ነጥብ! ስለ ድህነቱና ስለ ልጆቹ አትጻፉ፣ እሱ ለቅጣት ማቅለያ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 ሞራላዊው ፍሬ ነገር፣ ማለትም አውቆ ወይም በቸልተኝነት ማድረጉ፣ ካልተሟላ ወንጀል የለም፤ ቸልተኝነት ደግሞ ሕጉ በግልጽ ካላለ አያስቀጣም፣ አንቀጽ 59። ስለዚህ ባለማየቱ ሳይሆን በማወቁ ነው መጠየቅ ያለበት። ማወቁን ያሳያል የተባለው የኪሱ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ፖሊስ ብሩን ሲረከብ የጻፈውን የኤግዚቢት ዝርዝር አውጡ። ከውስጥ ኪሱ እውነተኛ ብርም አብሮ ወጥቶ ከሆነ ተለይቶ ተያዘ የተባለው አይቆምም። የያዘው ፖሊስ ሲመሰክር ምን እንዳለም ከመዝገቡ ቅዱ። ደላላውን ግን ዝም ብላችሁ አታቆሙትም፤ ይግባኝ ከመዝገቡ ነው የሚታየው፣ ተጨማሪ ማስረጃ የሚሰማው ፍርድ ቤቱ ያስፈልጋል ካለ ብቻ ነው። አንቀጽ 194ን ጠቅሳችሁ በቅሬታው ላይ ጠይቁ፣ በመጀመሪያው ክርክር ለምን እንዳልቀረበም አስረዱ።

የፒያሳ ልጅ፦ ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ጠይቂ።

ባለ ሱቁ፦ በጉ ለመሆኑ በስንት ተሸጠ?

ጨዋታ አዋቂ፦ በሐሰተኛ አንድ ሺህ እና በእውነተኛ ስንት እንደሆነ እንጃ።

ማራኪ፦ የአዘዞዋ፣ ማመልከቻውን አስገባሽ?