ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ የቤዝ ጊታር ቦዲ ማን ይሠራል? ወንዛ ወይስ ጽድ?

ቤዚስት_ማራኪ፦ ሰላም ሰላም። ባለ 4 ክር ቻይና ሠራሽ ቤዝ ነው። ቦዲው (ገላው) ኮምፔርሳቶ ስለሆነ የብሪጁ፣ ማለትም የክሮቹ የታች ማሰሪያ፣ ብሎኖች በልተዋል፤ ክሩ ሲወጠር ብሪጁ ከኋላው ብድግ ይላል። አንገቱም ፒክአፑም ደህና ናቸው። ቦዲውን በወንዛ ወይም በጽድ የሚያወጣልኝ ማን ጋ ልሂድ? እንጨቱስ ድምፁን ይለውጠዋል?

የአራዳ_ልጅ፦ ቅዳሜ ገበያ በኩል ያሉት ጋሼ። ከእሳቸው ወዲያ አናጢ የለም። ጨርሰናል።

ቤዚስት_ማራኪ፦ ጊታር ነክተው ያውቃሉ?

የአራዳ_ልጅ፦ የሠሩትን ቁም ሳጥን አይተሃል? በሩ በአንድ ጣት ነው የሚዘጋው።

ነገረኛው፦ እንግዲያውስ ቤዙ ላይ ሁለት መሳቢያ ያስጨምር፣ ካልሲ ይከትበታል።

ክራር_ደርዳሪ፦ ወንዛ በለው ወንድሜ። ክራሩም ማሲንቆውም በወንዛ ሲሆን ነው ድምፁ የሚሞቀው።

ሽቦና_እንጨት፦ ክራርና ኤሌክትሪክ ቤዝ አንድ ላይ አይመዘኑም። የክራሩ ቆዳና ገበታ ራሳቸው አየሩን ያንቀጠቅጣሉ፤ ድምፁ እነሱ ናቸው። ቤዝ ላይ ግን ፒክአፑ ማግኔትና የመዳብ ጥቅል ነው፣ የሚሰማውም የብረት ክሩን ነው። ጊታር ሠሪው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ቦዲው አሽ የሚባል እንጨት ነበር፤ በ1956 ገደማ አብዛኛውን አልደር ወደሚባል ሌላ እንጨት አዞረው። በ1980ዎቹ የተስፋፋው ስታይንበርገር የሚባለው ቤዝ ደግሞ ጭራሽ እንጨት የለውም፣ ግራፋይት ነው፤ እሱም ቤዝ ቤዝ ነው የሚለው። እንጨቱ ምንም አያደርግም አላልኩም። የክሩ ድምፅ ምን ያህል እንደሚቆይ ላይ ትንሽ ድርሻ አለው። ክሩ፣ የፒክአፑ ከፍታና የአንገቱ አገጣጠም ግን ይበልጡታል። ጂ ክር (ቀጭኑ) ላይ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመው ብረት) አካባቢ አንዳንድ ኖታ ቶሎ ይሞታል አይደል? የእሱም ጣጣ በአብዛኛው ከአንገቱ ነው።

አዘዞ_07፦ ድምፁን ተዉትና ባሕር ዛፍ እንዳታስነካ! ከአንድ ቤት፣ ስሙ ይቅርና፣ የወጣ ቦዲ ሰኔ ላይ ተሠርቶ ኅዳር ላይ ከአንገቱ ማስገቢያ እስከ ፒክአፑ ጉድጓድ ተተርትሯል። ስንጥቁ የአንድ ብር ሳንቲም ያስገባል። «ደረቅ ነው» ተብሎ ነው የተሸጠው። ገንዘቡም አልተመለሰ።

የአራዳ_ልጅ፦ ጋሼ ቢሠሩት አይሰነጠቅም ነበር።

ነገረኛው፦ ባሕር ዛፉ ጋሼን ፈርቶ?

አዘዞ_07፦ ሳቁ እናንተ። ቫርኒሹ ራሱ ከነእንጨቱ ተላጠ።

መሮ_ይዤ፦ ያ ቤት ጥፋቱ እርጥብ ጣውላ መሸጡ ነው። በክረምት እርጥቡ ተቆርጦ ቫርኒሽ ከተቀባ፣ በጋው ሲገባ ከውስጥ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሁሉም ብሶ ይጠማዘዛል። 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ሥር፣ በየመሀሉ ስስ እንጨት ገብቶለት፣ ጫፍና ጫፉ ቀለም ተቀብቶ 2 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። «ደረቅ ነው» ሲሉህ ቁራጭ ለምነህ በወርቅ ቤት ሚዛን መዝነው፣ ቤት ውስጥ 2 ሳምንት አስቀምጠህ ድገመው። ከቀነሰ እርጥብ ነበር ማለት ነው።

ይልቅ የድሮ የወንዛ አልጋ ወይም በር ፈልግ። ዕድሜውን ሙሉ ሲደርቅ የኖረ ነው፤ ትኩስ ወንዛ እንደሆነ ከመንግሥት ደን መቁረጥ ክልክል ነው። ቀጭን ከሆነ ሁለት ሦስቱን በነጭ ኮላ አጣብቀህ ሌሊቱን በሞርሳ ታስራለህ። ከመቁረጡ በፊት ግን የተቃጠለ ስፒከር ማግኔት በላዩ አንሸራት። ያዝ ያደረገበት ቦታ የተቀበረ ሚስማር አለ፤ የራውተሩን (የእንጨት መቦርቦሪያ ማሽኑን) ምላስ የሚሰብረው እሱ ነው።

ቤዚስት_ማራኪ፦ ክብደቱስ?

መሮ_ይዤ፦ የተለመደው ቦዲ 46 በ33 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 4.5 ነው። በወንዛ 2 ኪሎ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ በባሕር ዛፍ 3 ተኩል ይደርሳል። የሦስት ሰዓት ሠርግ ላይ ትከሻህ ይነግርሃል። ከመጠን በላይ ከቀለለም አንገቱ ወደ መሬት ይደፋል።

አዘዞ_07፦ የእኔው 4 ኪሎ ነበር።

ደብረ_ብርሃን_ሰልባጅ፦ ያገለገለ አምፕሊፋየር የሚሸጥ ካለ በውስጥ አናግሩኝ።

ሽቦና_እንጨት፦ ጋሼ ጋም ሂድ ሌላም ጋ፣ አንገቱን ይዘህ ሂድ እንጂ ልኬት በወረቀት አትስጥ። ማስገቢያው ጥልቀቱ 16 ሚሊ ሲሆን፣ ወርዱ ከአንገቱ እግር ጋር ልክ ይሁን። አንገቱን ያለ ብሎን አስገብተህ ቤዙን በአንገቱ ስታነሳው ቦዲው ካልወደቀ ሥራው ተሠርቷል። የቦዲው የብሎን ቀዳዳዎች ብሎኑን ሳይነክሱ የሚያሳልፉ ይሁኑ፤ ብሎኑ ቦዲውንም ከነከሰ በመሀል ክፍተት ይቀራል፣ የክሩ ድምፅም ቶሎ ይሞታል። የብሪጁ ቦታ፦ ከራስጌው የክር ማሳለፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት ለካ፣ እጥፍ አድርገው። ባለ 34 ኢንች ከሆነ 86.4 ሳንቲ ይመጣል። የጂ ክር ኮርቻ (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት) እዚያ ላይ ይቀመጥ፣ የወፍራሙ የኢ ክር ግን ጥቂት ሚሊ ወደ ኋላ ይሸሻልና ቦታ ተውለት።

ፒያሳ_ሳውንድ፦ የእኔ ቤዝ እኮ ክሩን ሳልነካ ይጮኻል፣ ስነካው ይቀንሳል። እንጨቱ ይሆን?

ሽቦና_እንጨት፦ አይደለም። ስትነካው ከቀነሰ የብሪጁ የግራውንድ ሽቦ ደህና ነው፤ የጎደለው ጩኸቱን የሚከላከለው የጉድጓዱ የመዳብ ልባስ ነው። ባትነካውም ብትነካውም ያው ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል። ጠያቂው፣ አንተም አዲስ ቦዲ ካወጣህ ለዚሁ ሽቦ ከብሪጁ ሥር ወደ ፖቴንሽዮሜትሩ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) ጉድጓድ የምትሄደዋን ቀጭን ቀዳዳ አናጢው እንዳይረሳት።

ነገረኛው፦ እሺ ቀልዱን ልተው። የተበላሸው የብሪጁ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ቦዲ ለምን ትቀይራለህ? የበላውን በ10 ሚሊ መሰርሰሪያ 20 ሚሊ ጥልቀት ክፈት። በጀርባው በኩል ወግቶ እንዳይወጣ መሰርሰሪያው ላይ ፕላስተር ጠምጥመህ ምልክት አድርግ። የወይራ ውታፍ ጠርበህ በነጭ ኮላ መትተህ አስገባ፣ 24 ሰዓት አትንካው። የተረፈውን በመሮ አስተካክል፣ ለ4 ሚሊ ብሎን በ3 ሚሊ ቀድመህ ብሳ፣ ብሎኑን ሳሙና ቀብተህ በእጅህ አጥብቅ። አምስት ቀዳዳ ቢሆን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አዘዞ_07፦ ለተተረተረውስ?

ነገረኛው፦ ለእሱ ማገዶ።

ቤዚስት_ማራኪ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጽድስ ግን እንዴት ነው?

መሮ_ይዤ፦ ሽታው ደስ ይላል። በፈለጠው መስመር ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ስላለው ቫርኒሹም ቶሎ አይደርቅበትም። ከወንዛ ሌላ ካልክ ዝግባ ይሻልሃል፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ለመሮም ይታዘዛል።

ቤዚስት_ማራኪ፦ አምስተኛ ክር ባስጨምርበትስ?

ሽቦና_እንጨት፦ በዚያው አንገት? አይሆንም።

የአራዳ_ልጅ፦ ጋሼ እሁድ አይሠሩም። ቅዳሜ በጠዋት ሂድ።