ቀይ ቦሎቄ አልበስል አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ)
ሰላም ናችሁ? ከመርካቶ የገዛሁትን ቀይ ቦሎቄ ማታ ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ቲማቲም ጨምሬ፣ ቦሎቄውን እዚያው ላይ ከተትኩት። ከሰል ስጨምር ስጨምር ምሳ ሰዓት ደረሰ። ልጣጩ ተሸብሽቦ ተላቀቀ፣ ውስጡ ግን ሲነክሱት እንደ ጠጠር ቀጭ ይላል። ልጆቹ ራበን እያሉ ነው። እንዲሁ ብሰጣቸው ችግር አለው?

ሙያ በልብ
እህቴ፣ እንዳትሰጪያቸው! ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ መርዝነት አለው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ለዛሬ ቶሎ ሽሮ ሠርተሽ አብያቸው።
ሌላ ጊዜ የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊና በአዲስ ውሃ ጣጂው። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ሳይቋረጥ በኃይል ይንተክተክ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሺ። መርዙን የሚያጠፋው ያ ኃይለኛ ፍላት ነው። በደከመ ከሰል ለብ እያለ ቢውል እንዲያውም ከጥሬው ሊብስ ይችላል።

የአጂፕ ልጅ
ቲማቲሙ ነው የያዘው። ኮምጣጣ ነገር ካገኘ ቦሎቄ አይለሰልስም። ቲማቲምም ሎሚም ከበሰለ በኋላ ይግባ።
ደግሞ ጅማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደርስም። ዩቲዩብ ላይ «አንድ ሰዓት ይበቃል» የሚሉትን እርሺው። ፕሬሸር ኩከር ካለሽ ተገላገልሽ፤ ከግማሽ በላይ ግን አትሙዪው፣ አረፋው ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

የጅሬኗ እናት
ልጄ፣ ቲማቲሙም ይሁን፤ እኔ ግን እህሉን ነው የምጠረጥረው። የከረመ ቦሎቄ ይደድራል። በተለይ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቤት ከከረመ ማገዶ ብትጨርሺም አይበስልም። ስትገዢ የጠቆረና የተሸበሸበ ካየሽ እለፊው። ነጋዴው «የዘንድሮ ነው» ማለቱ አይቀርም። ጨውም መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ አለበለዚያ ያደድረዋል።

ሙያ በልብ
እትዬ፣ በጨውዋ እንኳ አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚዘፈዘፍበት ውሃ ላይ፣ ለአንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ቢጨመር ልጣጩ ይለሰልሳል። ጠዋት ውሃው ተደፍቶ ይታጠባል። ሞክረው ይፍረዱኝ።

የጅሬኗ እናት
እሺ፣ እናያለን። እኛ ቤት እንዲህ አልተለመደም።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ሽሮው ተጥዷል። ፕሬሸር የለኝም። ይሄ የደደረውን ግን ልድፋው?

የአጂፕ ልጅ
አትድፊው። ከወጡ አውጥተሽ በውሃ እጠቢውና ንጹህ ውሃ ላይ ጣጂው። ካርቦናት ካለሽ ቆንጠር አድርገሽ ጣል አድርጊበት። ቆንጠር ነው ያልኩት! ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚኑንም ያጠፋዋል። አምስት ስድስት ፍሬ አውጥተሽ በጣትሽ ጫን በያቸው፤ ሁሉም ከተፈረካከሱ በስሏል። አንዱ ብቻ ቢፈርስ አትመኚው።

ጠያቂ
ሽምብራም እንደዚሁ ነው?

ሙያ በልብ
መዘፍዘፉና ቲማቲም ማዘግየቱ አዎ። ምስር ከሆነ ግን ሳትዘፈዝፊ እጠቢና ጣጂ።