«አልተማከርንም» ማለት ምን ማለት ነው? (የሊስዱንቫርና ክርክር)

ከደብሊን፦
ቅዳሜ ቡና ላይ አንድ ወዳጃችን ስለ ሊስዱንቫርና ሰዎች «ዘረኞች አይደሉም፤ ያልተማከሩ ሰዎች ናቸው» ያለው ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ፣ በአየርላንድ ክሌር አውራጃ በምትገኘው በዚያች ትንሽ መንደር 115 ጥገኝነት ጠያቂዎች ኪንግ ቶሞንድ ሆቴል ሊገቡ ነው ሲባል፣ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው 197 ለ15 በሆነ ድምፅ ተቃውመዋል። ድምፅ የሰጠ ሰው አልተማከርኩም የሚለው በምን አፉ ነው?

ከሊመሪክ፦
ወዳጅ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ በስሜ ብትጠራኝም አልቀየምም ነበር። 197 ሰው ተቃውሞ ሳለ ሆቴሉ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማዕከል ሆኖ በዚያው ዓመት መጋቢት ከመከፈት ካልቀረ፣ ያ ድምፅ ምክክር ነበር ልትለኝ ነው? ሐኪሙና ትምህርት ቤቱ እንኳ ይበቃ ይሆን ተብሎ የሚሰጋባት የገጠር መንደር «ለማን፣ በምን አቅም?» ብላ ብትጠይቅ ወንጀሉ ምኑ ላይ ነው?

ከኮርክ፦
በየመስከረሙ ለጋብቻ አገናኞች ፌስቲቫል ከየአገሩ የሚጎርፈውን ሕዝብ ስታስተናግድ የኖረች መንደር፣ 115 ሰው ሲመጣባት አቅሟ ድንገት ማለቁ ይገርማል። ምናልባት ሚስት ፈላጊዎች ነን ብለው ቢመጡ ኖሮ ምክክሩ ይቀር ነበር።

ከሊመሪክ፦
ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ፌስቲቫለኛው ገንዘቡን አውጥቶ ይሄዳል፣ እነዚህ ግን ክረምቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። ሆቴል በቱሪስት በሚኖር መንደር ሆቴል መዘጋት ምን እንደሚያጎድል ኮርክ ተቀምጦ መገመት ያስቸግራል።

ከጎልዌይ፦
ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም «አልተማከርንም» የሚለውን ቃል ለመንደሩ ብቻ ሰጥታችሁ ትከራከራላችሁ። እኔ በሌላ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማዕከል ለዓመታት ኖሬአለሁ። ለስድስት ወር ማቆያ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ይህ ጥገኝነት ጠያቂን በማዕከል የማኖር አሠራር፣ ሰውን በአውቶቡስ ጭኖ ወደማያውቀው ስፍራ ሲወስደው፣ በሳምንት ጥቂት ዩሮ (በ2018 21 ዩሮ ከ60 ሳንቲም ነበር) ኪሱ ከትቶ አውቶቡስ እምብዛም በማያልፍበት ገጠር ሲያስቀምጠው፣ ማን አማከረን? እኛ ብንጠየቅ ሊስዱንቫርናን የምንመርጥ ይመስላችኋል?

ከደብሊን፦
እህቴ፣ እውነት ብለሻል፤ ነገር ግን ይህ የ197ቱን ሰዎች መልስ አያጸዳውም። መንግሥትን የተቆጣ ሰው መንግሥትን ይከስሳል እንጂ ያልመጣውን እንግዳ አይቃወምም።

ከጎልዌይ፦
ላጸዳላቸውም አልተነሣሁም። እኔን የሚገርመኝ 15ቱን ማንም አለማንሣቱ ነው። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት፣ ነገ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ሱቅ በሚያገናኛችሁ ስፍራ ከ197 ጎረቤት ተለይቶ ይምጡ ማለት ቀላል አይደለም።

ከሊመሪክ፦
15ቱም ቢሆኑ ምክክር ነበረ አላሉም።

ከኮርክ፦
ይኸው ተመለሰ! ወንድሜ፣ ይህን ቃል ክርስትና ያነሣኸው አስመሰልከው እኮ።