ያገለገለ ናፍጣ ሃይሉክስ ገዝቼ ታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ የሚነግረኝ ጠፋ

ጥያቄ፦ ባለ ሽንኩርቱ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በቅርቡ ያገለገለ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ገዛሁ። ሞተሩ 5ኤል ነው፤ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። ቆጣሪው 187 ሺህ ገደማ ይላል። ሻጩ «ታይሚንግ ቤልቱ ተቀይሯል» አለኝ። መቼ ስለው «ቅርብ ጊዜ ነው» ብሎ አለፈው። ደረሰኝ የለም፣ የቀየረው ጋራዥም አይታወቅም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቲ-ቤልት (የታይሚንግ ቤልት) መብራት ስነዳ አይበራም። አንድ መካኒክ ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠና «ይሄ ንጹሕ ሞተር ነው፣ አትነካካው» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትል ቀይር ይለኛል። እኔ በየሳምንቱ ሸዋ ሮቢት ወርጄ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ ጣርማበርን የምወጣ ሰው ነኝ። መንገድ ላይ ከቆምኩ መኪናው ብቻ ሳይሆን ጭነቱም አለቀለት።

መብራቱ ካልበራ ቤልቱ ደህና ነው ማለት ነው? ከቤልቱ ጋር ምን ምን አብሮ ይቀየር? ሞተሩ ፊት ለፊት ከታች በኩል ትንሽ የዘይት እርጥበት አለ፣ እሱስ ይያያዛል? ለሥራው አዲስ አበባ ልውሰደው ወይስ እዚሁ ይሠራል?

መልስ፦ ናፍጣ ናፍጣ

ቀይረው። መብራቱን እርሳው። ያ መብራት ቤልቱን አያይም፣ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚቆጥረው። በ5ኤል ላይ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትር «ጊዜው ደርሷል» ብሎ ይበራል፣ ከዚያ መካኒኩ ያጠፋዋል። ቤልቱን ሳይቀይር መብራቱን ብቻ ቢያጠፋ ማን ያውቃል? ማንም።

አንድ ነገር ሞክር። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈት። ከዘይትና ከባትሪ መብራቶች ጋር የቲ-ቤልቱም መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም አንዱ ብልጥ ነቅሎታል።

ሒሳቡን ደግሞ እየው። በ100 ሺህ ላይ በትክክል ተቀይሮ ከሆነ የቀረህ 13 ሺህ ነው፤ በደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት ምልልስ ብዙም አይቆይም። ካልተቀየረ ደግሞ 87 ሺህ አሳልፈሃል። ይሄ ሁሉ ቆጣሪው ካልተነካ ነው፣ እሱንም በእግዜር እመን።

መልስ፦ ቆጣቢው (ሸኖ)

እኔ አልስማማም። የሚሠራ ነገር ለምን ይፈታል? ሞተሩ ጥሩ ድምፅ ካለው፣ ክዳኑን ከፍቶ ቤልቱን ማየት፣ ካልተሰነጠቀ መልሶ መዝጋት ነው። እዚህ አገር መካኒክ አንድ ሲያስተካክል ሁለት ያበላሻል።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

ቆጣቢው፣ የመጨረሻዋ ቃልህ ላይ ብዙም አልከራከርህም፤ የቀረው ግን አያስኬድም። በ5ኤል ላይ ክዳኑን ለመክፈት የውጭዎቹ ቺንጋዎች ይወልቃሉ፣ ቬንቲላተሩና መከለያው ይወጣል፣ የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ ይነቀላል። ቤልቱን ለማየት የምትደክመው ለመቀየር የምትደክመውን ያህል ነው ማለት ነው። እዚያ ደርሶ አሮጌውን መልሶ የሚዘጋ ሰው ምን ያተረፈ መስሎት እንደሆነ አላውቅም። በጆሮ ማወቅ የሚባለውም ነገር ለካቴና ነው፤ ካቴና ሲላላ ይንኳኳል። ቤልት ጎማ ነው፣ እስኪበጠስ ድረስ ዝም ሊል ይችላል። የሚጮኸው ቤልቱን የሚወጥረው ኩሽኔታ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ጎማ ደግሞ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም ያረጃል።

ልጄ ባለ ሽንኩርቱ፣ ቤልቱ ምን እንደሚሠራ ልንገርህና አንተው ፍረድ። ክራንኩ ሲዞር በዚህ ቤልት አማካይነት ካም ሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) እና የናፍጣ ፓምፑን ያዞራል። ከተበጠሰ ካሙ ይቆማል፣ ፒስተኖቹ ግን በነበራቸው ጉልበት ይወጣሉ። ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭ ይመቱታል። ናፍጣ ሞተር በእምቅታ ስለሚሠራ በቫልቭና በፒስተን መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ነው። ቫልቭ ይጎብጣል፣ ካም ሻፍት የሚሰበርበት ጊዜም አለ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) መውረዱ አይቀርም። የዚያን ወጪ ከአንድ ቤልት ጋር አወዳድረው።

አሁን ምን ትገዛለህ? ቤልቱን፣ የመወጠሪያውን ኩሽኔታ፣ የመወጠሪያውን ስፕሪንግ። ቤልት ብቻ ቀይሮ አሮጌ ኩሽኔታ የሚተው ሰው አለ። ኩሽኔታው ሲነክስ አዲሱን ቤልት ይዞት ይሄዳል። የዘይት እርጥበት ያልከው ደግሞ ዋናው ጉዳይ ነው። ከክራንኩ ሲል (ዘይት ማገጃ ጎማ) ወይም ከካም ሻፍቱ ሲል ሊሆን ይችላል። ዘይት የቤልቱን ጎማ ያበላሻል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ሲሎች አብረህ አስቀይር፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ሥራው ደግሞ አንዴ ተከፍቷል። ከናፍጣ ፓምፑ አንገትም የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ያኔውኑ ይታይ። ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አዲስ ቤልት አይገባም።

መልስ፦ የጫጫው

ውሃ ፓምፑንም አብረህ ቀይር፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚመክረው።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

የጫጫው፣ ምክሩ የታይሚንግ ቤልቱ ራሱ ውሃ ፓምፑን ለሚያዞርባቸው መኪኖች ነው። በ5ኤል ላይ ውሃ ፓምፑን የሚያዞሩት የውጭዎቹ ቺንጋዎች ናቸው። ቬንቲላተሩ ሲወልቅ ፑሊውን በእጅ ይዛችሁ ነቅንቁት። ከላላ ወይም ውሃ ያንጠባጠበበት ምልክት ካለ ይቀየር። ደህና ከሆነ ገንዘቡን ለሲሎቹ አውለው። የውጭ ቺንጋዎቹ ግን ተሰነጣጥቀው ከሆነ አሁን መለወጥ ነው።

መልስ፦ ሹፌሩ (ደብረ ሲና)

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ መንገዱን ግን አውቀዋለሁ። እስክትቀይር ድረስ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ።

አንደኛ፣ ደብረ ብርሃን ጠዋት በብርድ መኪና እየተገፋ የሚነሳበት አገር ነው። አሮጌ ቤልት ያለውን ናፍጣ አስገፍተህ አታስነሳ። ፍሪሲዮን ስትለቅ ሞተሩ ባንዴ ይነጠቃል፣ ያረጀ ቤልት ደግሞ አንድ ጥርስ ሊዘል ይችላል። በብርድ የሚያስቸግርህ ከሆነ የማሞቂያ ሻማዎቹን ሙቀትና ባትሪውን አስፈትሽ። ዳገት ላይም አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገህ በ1ኛ ማርሽ ብቻ አታቁመው፤ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ሞተሩን ወደ ኋላ ያዞረዋል፣ ቤልቱም ይላላል። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ድንጋይ አድርግ።

ሁለተኛ፣ ጣርማበር። ከዋሻው ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ሞተር ቢጠፋ ፍሬኑ አንዴ ሁለቴ ረግጠኸው ይደርቃል። በዚህ መኪና ላይ ለፍሬኑ አየር የሚስበው ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው፣ ሞተር ቆሞ አይሠራም። መሪውም ይከብዳል። ቁልቁለቱን እንደማንም አትየው። ሳትቀይር አትውረድ ነው የምልህ።

ጥያቄ፦ ባለ ሽንኩርቱ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼም ተባረኩ። ቁልፉን ከፍቼ አየሁት፣ የቲ-ቤልቱ መብራት ጭራሽ አይበራም። አምፖሉ የለም ማለት ነው፣ ስለዚህ ወስኛለሁ። ደብረ ብርሃን ያነጋገርኩት ልጅ «አሮጌው ቤልት ላይና ጥርሶቹ ላይ በቀለም ምልክት አድርጌ፣ አዲሱን በዚያው ልክ አስገባለሁ፣ ቀላል ነው» ይላል። ይታመናል?

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

ቀለም መቀባቱ ክፋት የለውም፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ከአንተ በፊት የሠራው ሰው አንድ ጥርስ ስቶ ከሆነ ስህተቱን ነው የሚገለብጠው። ልጁ የሞተሩን የራሱን ምልክቶች ያውቃቸው እንደሆነ ጠይቀው። አንደኛውን ፒስተን ጫፍ ላይ አድርሶ፣ የክራንኩን፣ የካሙንና የናፍጣ ፓምፑን ምልክቶች ፊት ለፊታቸው ካሉት ጋር ማጋጠም አለበት። አሮጌው ቤልት ሲወጣ ፓምፑና ካሙ በስፕሪንግ ግፊት ትንሽ ይሸሻሉ፤ ያንን የሚያውቅ መካኒክ አይደነግጥም፣ በቁልፍ መልሶ ይይዛቸዋል።

የክራንኩን ቡሎን ለመፍታት 5ኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ማስያዝ ነው። ፑሊው በመጎተቻ ይወጣል፣ በመዶሻ አይደበደብም። አዲሱ ቤልት አይጣጠፍ፣ በጠመንጃ መፍቻ ተጎርጉሮ አይግባ፣ ዘይት የነካ እጅ አይንካው። ቀስት ካለው ቀስቱ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ይሁን። ከዚያ የመወጠሪያውን ቡሎን ላላ አድርጎ ስፕሪንጉ ራሱ እንዲወጥረው ይተወዋል። ሰው በጉልበቱ አይወጥረውም፤ በጣም የተወጠረ ቤልት ኩሽኔታ ይበላል።

ዋናዋ ነገር ይቺ ነች። ቁልፍ ከመምታቱ በፊት ክራንኩን በእጅ፣ በረጅም እጀታ፣ ከፊት ሲታይ ወደ ቀኝ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙረው። ሦስቱም ምልክቶች ወደ ቦታቸው መመለስ አለባቸው። የመወጠሪያው ቡሎን ያኔ ይታሰራል። በመሃል የሚያግደው ነገር ከገጠመው ገፍቶ አይለፍ፣ ቫልቭ ከፒስተን እየተገናኘ ነው። ሻማዎቹን ከፈታ መዞሩ ይቀለዋል። ይህንን «አያስፈልግም» የሚል ከሆነ መኪናህን ይዘህ ውጣ፣ ደብረ ብርሃን ሌላም ጋራዥ አለ። አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር በዚያ ቤልት መንዳት ግን አልመክርም።

መልስ፦ ናፍጣ ናፍጣ

ዕቃውን እኔ ብሆን ከልጁ ጋር ሄጄ እገዛለሁ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ካለህ አስመጣ፣ ግን ፎርጅድ ብዙ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥርና ቤልቱ ላይ የታተመው ይመሳከር፣ ጽሑፉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ መልስ። ያገለገለ ቤልት ደግሞ «ከጃፓን የመጣ ነው» ቢሉህም አትግዛ። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጠህ ጥርሱን ቁጠር፣ ወርዱንም እየው።

ጥያቄ፦ አባዱላ ነጂ (ሸዋ ሮቢት)

ጣልቃ ልግባ። የኔ ሃያስ 2ኬዲ ሞተር ነው፣ እሱም 100 ሺህ ላይ ነው?

መልስ፦ ናፍጣ ናፍጣ

አይደለም፣ 2ኬዲና 1ኬዲ 150 ሺህ ላይ ናቸው። ታሪኩን የማታውቀው መኪና ከሆነ ግን ከባለ ሽንኩርቱ የተለየ ምክር የለኝም።

መልስ፦ ባለ ሽንኩርቱ

ተቀየረ። አሮጌው ቤልት ጀርባው ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ጎኑ በዘይት ረጥቧል። ዘይቱ ከክራንኩ ሲል ነበር። ኩሽኔታውም በእጅ ሲዞር አሸዋ ያለበት ይመስላል። ልጁ ሁለቱን ዙር እያየሁት አዞረ፣ ምልክቶቹ ገጠሙ። አሁን የቀረኝ ነገር፣ ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ቶሎም አይነሳም። በፊት እንዲህ አልነበረም። ሲሞቅ ደህና ነው።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ

ምልክቶቹ ከገጠሙ ቤልቱን ተወው። መጀመሪያ የሻማዎቹን ሽቦ እይ፤ ሲፈቱ የወለቀች ልትኖር ትችላለች። የናፍጣ ቱቦ ተነካክቶ አየር የሚስብ ከሆነም በብርድ ጠዋት ያስቸግራል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ልጁ ፓምፑን ከቦታው አላልቶት እንደነበር ጠይቀው። ፓምፑ ትንሽ ዞሮ ከታሰረ ናፍጣው ዘግይቶ ይረጫል፣ ነጭ ጭስና አልነሳም ባይነት ያመጣል። ቀድሞ የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ በኃይል ይንኳኳል። የፓምፕ ልክ የሚስተካከለው በመለኪያ ነው፣ በጆሮ አይደለም፤ እሱን ለናፍጣ ፓምፕ ሠሪ ስጠው።

የመብራቱንም አምፖል አስገባ፣ ቆጠራውንም አስጀምረው። እንደ ዓመተ ምርቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ላይ የቆጣሪው ፊት ካለች ትንሽ የጎማ ቀዳዳ በቀጭን ዘንግ ይጫናል፣ አንዳንዱ ላይ ቆጣሪው ወጥቶ ከኋላው አንዲት ብሎን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ትዛወራለች። ኪሎ ሜትሩንና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፈህ ክዳኑ ላይ ለጥፈው።

መልስ፦ ባለ ሽንኩርቱ

ጋሼ፣ የአንዱ ሻማ ሽቦ ወልቆ ነበር። አሁን ባንዴ ይነሳል። ሐሙስ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ፣ ከዚያ የሚፈልግ ካለ ሽንኩርት አመጣለሁ።